የኦጋስታ ሆድ

ፔትሪ ኮቭ
ሴፕቴምበር 18፣ 1994

ለተከበሩ አክስቴ ሊዮታ፣

ዳሌዎ እንዴት ነው? ሃሊፋክስስ? ጓደኛዎ ሚስ ሄስተር አሁንም ሻዩን አቅጥነው ነው የሚያፈሉት? እኔ ደህና ነኝ። ድመትዎ ኦጋስታ ደህና ናት። ቤቱም ደህና ነው፤ ከጎረቤት እስከ ጎረቤት ሁሉም ደህና ነው።

ያለፈው ደብዳቤዬ በቀይ ቀለም ታርሞ ደርሶኛል። ከአሥር አምስት አይበዛብኝም።

ይህኛው ለምን እንደዘገየ ጠይቀዋል። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ብቻ የሚቆይ ዓይነት ጉንፋን ነው። አሁን ለቆኛል።

ስለ በሩም ጠይቀዋል። በሩ ዝግ ነው። ይህን ስጽፍም ዝግ ነው፤ አሁን ብድግ ብዬ አይቼው መጣሁ። ሲሄዱ ደረጃው ላይ ቆመው፣ «ምግቧን ብታሳስቺ ይቅር እልሻለሁ፤ ኦጋስታ ከደጅ ከወጣች ግን ሁለተኛ ይህን ቤት አትረግጪም፤ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?» ያሉኝን አልረሳሁም። ያኔ ያነሱት በሩን ነው። መስኮት አላነሱም። ይህን የምለው እንዲያው ለነገሩ ያህል ነው።

ኦጋስታ የእኔ መሄድ ተሰምቷታል ወይ ላሉት፣ እንዲህ ነው ብሎ መናገር ይከብዳል። ከትናንት ጀምሮ ተኝታ ነው የምትውለው። በጣም የረካች ትመስላለች።

ሚስተር ክኒክልን በዓይነ ቁራኛ ጠብቂ ብለውኛል፤ ጠብቄያለሁ። ትናንት በአጥሩ በኩል ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት ሰላም ስላላሏቸው እኔም አላናገርኳቸውም። ማለቴ፣ ብዙ አላናገርኳቸውም። ድመታቸው ካፒቴንም አለ፤ ያው እንደ ልማዱ የዓሣ መጋዘኑ ደጅ ላይ በፊት እግሮቹ ስድስት ስድስት ጣት ዘርግቶ ተኝቷል። ስለ እሱ እንዳልጠየቁኝ አውቃለሁ።

የእህትዎ የልጅ ልጅ፣
ሮዊና


ፔትሪ ኮቭ
ኦክቶበር 9፣ 1994

ለተከበሩ አክስቴ ሊዮታ፣

እንደምን ከረሙ? የዳሌዎን ቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ እንደገና አዘገዩት ማለትዎ አሳዝኖኛል። የሃሊፋክስ ሐኪም ቀን መቁጠር አይችልም እንዴ? እርስዎ ዘንድ ቢማሩ ኖሮ ይችሉ ነበር።

ሳትደብቂ ንገሪኝ ስላሉ፣ ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ኦጋስታ ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። አስመልሳ ስታበቃ የሁለት ድመት ያህል ትበላለች። የጡቷ ጫፎች ቀልተው ጎላ ብለዋል፤ መጀመሪያ ሽፍታ መስሎኝ ቅባት ልቀባት ነበር። ጠባይዋም ተለውጧል። ሰው ሲነካት የማትወድ እመቤት አሁን ጭን ካላገኘች አትተኛም፤ ሰኞ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያችን ሚስተር ኮርከም ጭን ላይ ወጣችባቸው። ደግሞ ወገቧ የለም። ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

ሰው አማክሪ ባሉኝ መሠረት አማክሬያለሁ። ሚስተር ኮርከምና ሚስስ አይዝነር የሠራሁትን ኬክ እስኪጨርሱ ድረስ ከልብ መረመሯት።

«ፀጉር ውጣ ነው» አሉ ሚስስ አይዝነር።

ሚስተር ኮርከም መነጽራቸውን አድርገው ሆዷን አንድ ሙሉ ደቂቃ ካዩ በኋላ፣ «ወስፋት» አሉ።

«ወስፋት ጡት ያቀላል እንዴ፣ ክላረንስ? እኔ እንዲህ ስትሆን የማውቀው...»

ሚስተር ኮርከም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስ ዝዊከር እንዳትወልድ አሠርቻታለሁ ብለዋል፣ ማርጆሪ» አሉ፤ እርስዎን ማለታቸው ነው።

«ብለዋል» አሉ ሚስስ አይዝነር ቶሎ ብለው።

«ስለዚህ እሱ አይደለም።»

«ማን እሱ ነው አለ?»

«ምኑ?» አልኩ እኔ።

ሁለቱም ጣሪያውን አዩ። ጣሪያዎ ደህና ነው፤ አይስጉ።

ሚስተር ኮርከም ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። እርስዎ ያስተማሯቸው የዛሬ ሃምሳ ዓመት ነው። ግን ስምዎ በተነሳ ቁጥር እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ቆጥሬያለሁ፣ በአንድ ከሰዓት ሰባት ጊዜ።

ሮዊና


ሃሊፋክስ
ኦክቶበር 14፣ 1994

ሮዊና፣

ከአሥር ስድስት። በትልልቅ ሰዎች ላይ መሳለቅሽን ቀንሰሽ ቢሆን ሰባት ታገኚ ነበር። ስለ ክላረንስ እጅ የጻፍሽው ግን እውነት ነው፤ አውቀዋለሁ።

ከደብዳቤሽ ግርጌ ጽፈሽ የሰረዝሽውን ጥያቄ ወረቀቱን ወደ መብራት አንስቼ አነበብኩት። መልሱ «አይደለችም» ነው። ሁለተኛ እንዳትጽፊው። በሩ ዝግ ነው ብለሻል፤ በሩ ዝግ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም።

እንዳትወልድ የተደረገች ድመት ትወፍራለች፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። አንቺ ደግሞ ክሬም እንደምትሰጫት አልጠራጠርም። ከዛሬ ጀምሮ ምግቧን በግማሽ ቀንሺ። ብትለምንሽም አትራሪላት። ስሄድ ኦጋስታ አራት ኪሎ ነበረች፤ ስመለስም አራት ኪሎ ሆና እንድትጠብቀኝ እፈልጋለሁ። በትክክለኛ ሚዛን መዝነሽ ጻፊልኝ፤ «ወፈር ብላለች» የሚባል ልኬት የለም።

ሐኪሞቹ ቀኑን አሁንም አልቆረጡም።

ሊ. ዝዊከር


ፔትሪ ኮቭ
ኖቬምበር 6፣ 1994

አክስቴ፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ሰላምታ የሚያረዝም ሰው የሚደብቀው አለው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ሳረዝም ኖሬያለሁ።

በትክክለኛ ሚዛን መዝኝ ስላሉኝ ትናንት ኦጋስታን በቅርጫት ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄድኩ። የመኸር እራት ቀን ስለነበር ለዱባው ክብደት ግምት ውድድር ሚዛን ወጥቶ ነበር። ዱባውን አወረድኩና እሷን አስቀመጥኳት። አምስት ኪሎ ከመቶ ግራም። ሦስት ሳምንት በግማሽ ምግብ።

ድንች የሚልጡት ሁሉ ቢላዋቸውን ይዘው ከበቡን።

«ሳይበላ የሚወፍር ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?» አሉ ሚስስ አይዝነር።

«አየር ነው» አሉ ሚስተር ኮርከም። «የአባቴ ላም እንዲህ በአየር ተነፍታ ታውቃለች።»

«አየር አንድ ኪሎ አይመዝንም፣ ክላረንስ።»

«የአባቴን ላም አላየሻትም።»

ይህን ጊዜ ሚስተር ክኒክል በጓሮ በር የባቄላ ድስት ተሸክመው ገቡ። ድስቱን አስቀመጡ፣ ኦጋስታን አዩ፣ ከዚያ እኛን አዩ።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» አሉ። «እናንተ ሰዎች፣ ዕድሜያችሁን ሙሉ ከብት አርብታችሁ ዓይን የላችሁም?»

«ሚስ ዝዊከር እንዳትወልድ...»

«ሚስ ዝዊከር ምድር ዝርግ ናት ብትል ከነገ ጀምሮ በጀልባ አትወጡም ማለት ነው።»

ሚስተር ክኒክል እጄን ያዙና ከኦጋስታ ጎድን በታች አስቀመጡት። «አትጫኚ። ዝም ብለሽ አስቀምጪው።» ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ተገለበጠ፤ መረብ ውስጥ እንዳለ ትንሽ ዓሣ። ከዚያ ሌላም።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መቼ ነው የወጣችው?»

«ሴፕቴምበር ላይ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ።»

«የት አገኘሻት?»

«መጋዘንዎ ውስጥ።»

«ከካፒቴን ጋር።»

«ከካፒቴን ጋር።»

«እንግዲያ ታውቂ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን የአዳራሹን ወለል ያደሱት አምና ነው።

አክስቴ፣ ጉንፋን አልነበረኝም። ማርማላታ ሠርቼ ላስደንቅዎ ብዬ ድስቱን አሳረርኩ፤ ትልቁን፣ ሰማያዊውን። ጭሱ እንዲወጣ የጓዳውን መስኮት ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ በር በሩን ብቻ እያነሳሁ ጻፍኩልዎ። ሆዷ ሲነፋ ገብቶኝ ነበር፤ ደግሞም አልገባኝም ነበር፤ እርስዎ «እንዳትወልድ ተደርጋለች» ስላሉ ደስ ብሎኝ በእሱ ውስጥ ተደበቅሁ። ምግቧን የቀነስኩትም እኔ ነኝ። ባዶ ሳህኗን ስትልስ ቆሜ አይቻለሁ። ባዶውን ሳህን በአፍንጫዋ እየገፋች እስከ እግሬ ታመጣልኝ ነበር፤ እኔም መልሼ ቦታው አስቀምጠው ነበር።

ሁለተኛ ቤቴን አትረግጪም ብለዋል። ቁልፉን ለእናቴ እሰጣለሁ፤ ግን እስክትወልድ ድረስ ይታገሱኝ።

አንድ ነገር ይቀራል። ሚስተር ኮርከም የተናደዱት በእኔ አይደለም፤ በከተማዋ የእንስሳት ሐኪም በዶክተር ሄብ ነው። «ሚስ ዝዊከርን የሚያህል ሰው አታለለች፤ ሳትሠራት ሠራሁ ብላ መለሰቻት» ብለው የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈዋል። እሑድ ኖቬምበር 20 በጉባኤው ፊት ተነቦ ይላካል። እስካሁን ሃያ አንድ ሰው ፈርሟል። ሚስስ አይዝነር ሁለት ጊዜ ነው የፈረሙት።

ሮዊና


ፔትሪ ኮቭ
ኖቬምበር 9፣ 1994

አክስቴ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ የምጽፈው ስለ ኦጋስታ ነው፤ ስለ እኔ አይደለም።

ትናንት ሚስተር ክኒክል በመኪናቸው ወደ ዶክተር ሄብ ወሰዱን። አዎ፣ አነጋገርኳቸው። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው፤ አርባ ደቂቃ ባርኔጣ ማንሳት አይቻልም።

አራት ናቸው። ዶክተሯ በጣቶቿ ቀስ ብላ ቆጠረቻቸው። ድመት ዘጠኝ ሳምንት ያህል ታረግዛለች፤ ስለዚህ አሥር ቀን ገደማ ይቀራል። የጡት ጫፎቿ መቅላት፣ የጠዋቱ ማስመለስ፣ ጭን መፈለጓ፣ ሁሉም በሦስተኛው ሳምንት ግድም የሚታይ ምልክት ነው አለች፤ ለእርስዎ አንድ በአንድ ጽፌልዎት የነበረውን ነው መልሳ ያነበበችልኝ የመሰለኝ። የሚያድጉ የድመት ግልገሎች የሚበሉትን ምግብ፣ የፈለገችውን ያህል እንድትበላ አዘዘች። ጸጥ ያለ ቦታ ሣጥን ይቀመጥላት፤ ሚስተር ክኒክል ከዓሣ ሣጥን ሠርተው ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥበውታል፣ ኦጋስታ ግን ሽታው ቢቀር የምትመርጥ አይመስለኝም። ቀኗ ሲደርስ ምግብ ትተዋለች፣ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ ጨርቅ ትቧጭራለች። ያኔ እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አምጣ ምንም ካልወጣ ግን ደውዪልኝ አለች።

«ምግቧን በግማሽ ማን አስቀነሰ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ» አልኩ።

ከዚያ ካርዶቿን ገለጠች። ስምንት ዓመት እዚያ ሠርታለች። ኦጋስታ የምትባል ድመት ካርድ የላትም። ሆዷ ላይም የስፌት ጠባሳ የለም። ዶክተሯ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሚስተር ክኒክል በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር፣ በጣም አጥብቀው።

ለማንም አልተናገርኩም። ምንም አልጠይቅዎትም። ፊርማው ሠላሳ አራት ደርሷል።

ሮዊና


ሃሊፋክስ
ኖቬምበር 13፣ 1994

ሮዊና፣

የእሑዱም የረቡዑም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላረምኳቸውም። ቀዩን ብዕር አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

አንቺ ከኦጋስታ በፊት የነበረችኝን ቴዎዶራን አታውቂያትም። እንዳትወልድ ላሠራት ወስጃት ማደንዘዣውን ተወግታ አልነቃችም። ከስድስት ዓመት በፊት ኦጋስታን በዚያው ቅርጫት ይዤ ወደ ከተማ ሄድኩ። ዶክተር ሄብ ደጅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስሜን ሊጠሩ ሲሉ ተነሥቼ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ማርጆሪ አይዝነር ነበረች። ቅርጫቱን አየችና «አሠራሻት?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። አንድ ቃል ናት። አርባ ዓመት ልጆችን ለውሸት ጥግ ሳቆም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀጥዬ «አይ፣ ፈርቼ ተመለስኩ» ማለት አቃተኝ።

ያ «አዎ» እንዳይጋለጥ ስል በሩን ስድስት ዓመት ዘጋሁት። ክኒክል የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ስለ ቴዎዶራ፣ «ሊዮታ፣ ድመት እስረኛ አይደለችም» ብሎኝ ነው የተጣላነው፤ በኦጋስታ ጊዜ ግን እስረኛ አደረግኋት። አንቺ የሰረዝሽውን ጥያቄ በመብራት ሳነብ ልቤ ወዲያው ነገረኝ። ነገር ግን «ልትሆን ትችላለች» ብዬ ብጽፍልሽ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወደ እኔ ነበር። ስለዚህ «ምግቧን ቀንሺ» አልኩሽ። ያራብናት በአንቺ እጅ ነው፣ በእኔ ቃል። ለሐኪሟ «እኔ» ማለትሽን አንብቤ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ፤ ሄስተር ዳሌሽን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ደግሞ ሌላ አለ። ቀኑን ያዘገዩት ሐኪሞቹ አይደሉም። እኔ ነኝ፣ ሦስት ጊዜ። ማደንዘዣውን ፈርቼ ነው። ትናንት ደወልኩና ለኖቬምበር 17 ቁርጥ አድርጌያለሁ።

ከዚህ ጋር የታጠፈ ወረቀት አለ። ለክላረንስ ኮርከም ስጪው። በእሱ ደብዳቤ ፈንታ ያንን ያንብብ፤ አንድ ቃል ሳይዘልል፣ እጁን ከኪሱ አውጥቶ።

ቁልፉን ለማንም አትስጪ። ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያውም መናገር ነበረብኝ።

ይህን ደብዳቤ አርሚልኝ። ከአሥር ስንት እንደሆነ ከታች ጻፊ። እንዳታዝኚልኝ።

ሊዮታ


ፔትሪ ኮቭ
ኖቬምበር 21፣ 1994

አክስቴ ሊዮታ፣

ሚስ ሄስተር ቴሌግራም በሚመስል ስልክ «ነቅታለች፤ ነርሶቹን እያረመች ነው» ብለው ነግረውናል። ሚስተር ክኒክል ስልኩ እስኪዘጋ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። «ደህና» አሉ፤ ከዚያ ያንን ቀን ሙሉ ባዶ ጀልባ ሲጠርጉ ዋሉ።

እሑድ ሚስተር ኮርከም ወረቀትዎን አነበቡ። «ፈርቼ ተመለስኩ፤ ከዚያም ዋሸሁ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን አልዘለሉም። ሲጨርሱ መጀመሪያ የተናገሩት ሚስስ አይዝነር ናቸው።

«እኔማ አውቄ ነበር።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ ሚስተር ኮርከም።

ከዚያ ኋላ የተቀመጡትም አውቀው ነበር፤ ኦርጋን የሚመቱትም አውቀው ነበር። ሠላሳ አራቱም ፈራሚዎች አውቀው ነበር። ያላወቀችው ኦጋስታ ብቻ ናት። የተቃውሞ ደብዳቤው ምድጃ ገብቷል። ለዶክተር ሄብ በምትኩ ዱባው ተልኳል።

አሁን እያራዘምኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ይኸው።

ቅዳሜ ጠዋት ወለደች። ዓርብ ማታ ምግቧን ትታ ነበር። ሦስቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መጡ፤ እሷ ራሷ ከሽፋናቸው እየፈታች ላሰቻቸው፣ እኔ እጄን ታፋዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። አራተኛዋ ዘገየች። ዶክተሯ ጋ ደወልን፤ እሷ በመንገድ ላይ ሳለች ግልገሏ ወጣች። ከሌሎቹ በግማሽ ታንሳለች። ሚስተር ክኒክል በፎጣ አሹ፣ አሹ፣ አሹ። አልተነፈሰችም። ኦጋስታ እስክንወስዳት ድረስ ትልሳት ነበር።

ዶክተሯ በረሃብ ይሁን በሌላ ማወቅ አይቻልም አለች። ደግ ሰው ናት። እኔ ግን ስም ብሰጣት ኖሮ ምን እንደምላት ሳስብ፣ መስኮቱም ትዝ ይለኛል፣ ሳህኑም። ፖም ዛፉ ሥር ነው ያለችው። የፊት እግሮቿን ቆጥሬያለሁ፤ ስድስት ስድስት ጣት ነበራት። ከሦስቱም ሁለቱ እንደዚያው ናቸው፤ ስለዚህ በካፒቴን አባትነት ማንም አይከራከርም።

ሦስቱ ይጠባሉ። ኦጋስታ ሳህኗን ጨርሳ ወደ እኔ ታያለች፤ እጨምርላታለሁ። ካፒቴን ደረጃው ላይ ነው። በሩን አልከፈትኩለትም፤ ይህ ግን ውሸት ለመደበቅ አይደለም። ዶክተሯ እያጠባችም ቢሆን ቶሎ ልታረግዝ ትችላለች ብላለች።

እንዳታዝኚልኝ ብለዋል፤ እሺ። ደብዳቤዎን በቀይ አርሜዋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያሰመርኩት፦ «ያራብናት በአንቺ እጅ ነው፣ በእኔ ቃል» የሚለው ሥር። ትክክል ነው። ስህተት ስለሌለበት ነው ያሰመርኩት።

ውጤትዎ ከአሥር ዘጠኝ ነው። አንዷን ነጥብ ይዣታለሁ። ግልገሎቹ ጡት ሲጥሉ፣ ጃንዋሪ 27 ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ኦጋስታ ዶክተር ሄብ ጋ ቀጠሮ አላት፤ ያስያዝኩት በእርስዎ ስም ነው። ያው ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ቅርጫቱን እርስዎ ይይዛሉ፤ እርስዎን ደግሞ እኔ እይዛለሁ። ስምዎ ሲጠራ ተነሥተው ወደ ውስጥ ከገቡ ነጥቧን እዚያው እጽፍልዎታለሁ።

ቀይ ብዕሩን ይዤ እመጣለሁ።

ሮዊና